ኬሪያ ስታወጣ

ነሐሴ 4 ቀን 1978
እሑድ። እንደ ወትሮው ጋሽ ኃይለመስቀል ግቢ ልምምድ። ሱቃቸውን ዘግተው፣ ግቢውን ውሃ አርከፍክፈው ጠበቁን። የጅጅጋ አቧራ ምን በወጣው፣ ውሃውን ጠጥቶ መልሶ ተነሣ።

የጉራጌ ልጆች ማኅበራችን ከተቋቋመ ጀምሮ ዘፈን የማወጣው እኔ ነኝ። አወጣለሁ፣ ሴቶቹ ይቀበሉኛል፣ ጋሼ ከበሮ ይመታሉ። መርካቶ መወለዴን፣ ቋንቋውን ካባቴ አፍ ብቻ መልቀሜን አንድም ሰው አንስቶብኝ አያውቅም።

ጎረቤታችን ደሃቦ ባጥር ላይ አንገቷን አስግጋ «አባዮ፣ ዛሬማ ቆንጆ ነበር» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። ከድንበሩ ከቶጎጫሌ የሚመጣ ሻሽ ነው የምትሸጠው። ከምንለው አንድም ቃል አይገባትም... ብቻ ደስ አለኝ።

ነሐሴ 11
አዲስ ሰው መጣች። ኬሪያ። ጤና ጣቢያ የተመደበች ነርስ ናት። ሃያ አራት ቢሆናት ነው። አባቷ ስልጤ፣ እናቷ እንደኔ አባት የእዣ ጉራጌ። ያደገችው እዚያው ሀገር ቤት።

ጋሼ «እስቲ አንድ አውጪልን» አሏት። ተሽኮረመመች። አወጣች።

እግሬ ሳላዘው ተነሣ። ከሃዲ እግር!

ከተቀባዮቹ አንዷ፣ መሠረት፣ አለቀሰች። መሠረት! ስድስት ዓመት ሙሉ ስዘፍንላት አንድ ጠብታ ያልወጣት ሴትዮ። ምን ሰምታ ነው? የልጅቷ ድምፅ ትንሽ ይቀጥናል እኮ።

ነሐሴ 14
አይቀጥንም። ምን ላድርግ?

ነሐሴ 18
መስከረም 2 የአብዮት በዓል ላይ የየብሔረሰቡ ጭፈራ በአዳራሹ ይቀርባል። እኛንም ቀበሌው ጠርቶናል። ከተማው ሁሉ የሚያየን ያኔ ነው... ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ቀን!

ጋሼ ከልምምድ በፊት ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «ሙሌ ልጄ፣ ይቺን ለኬሪያ ብንሰጣትስ?»
«ምን ቸገረኝ ጋሼ!»
ሳቅኩም። ማሽላ እያረረ ይስቃል የሚሉት እኔን ነው።

ከተቀባዮቹ ጋር ቆምኩ። ኬሪያ ታወጣለች፣ እኔ እቀበላለሁ። እኔ!

ነሐሴ 26
ኬሪያ መስሪያ ቤቴ ድረስ መጣች። ታይፕ እየመታሁ ነበር።
«እትዬ ሙሉ፣ ያባትሽ መንደር ማን ይባላል? አያትሽስ?»
«ለምን ፈለግሽው?»
«እንዲሁ ነው።»
እንዲሁ! እንዲሁ የሚባል ነገር አለ? መርካቶ መወለዴን አንስታ ልታሳጣኝ ነው። ነገርኳትና ታይፔን መምታት ቀጠልኩ። አንድ ገጽ ሙሉ አበላሸሁ።

ቤት ገብቼ መስተዋት ፊት ቆሜ የሷን ዘፈን ሞከርኩት... ተውኩት።

ጳጉሜን 3
ሴቶቹን ለብቻ አገኘኋቸው።
«ሦስተኛው ግጥም ላይ ነጠላዬን ወደ ግራ ትከሻዬ ስመልስ ዝም እንበል። ለአንድ ግጥም ብቻ። ትደንግጥና ልኳን ትወቅ።»
መሠረት «ነውር አይሆንም?» አለች።
«ቀልድ ነው ባክሽ!»
ቀልድ አይደለም። ያለ ተቀባይ የቀረ አውጪ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አደባባይ ላይ አፉን ከፍቶ የሚቀር ሰው ነው። እንደዚያ ሆና ላያት ፈለግሁ። ይኸው ጻፍኩት።

መስከረም 3 ቀን 1979
ትናንት ሆነ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ወታደሩ፣ አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ የሀገሬው ሰው። ደሃቦም አዲስ ሻሽ አስራ ከፊት ተቀምጣለች። ኬሪያ ሁለት ግጥም አወጣች። ሰው አበደ። ነጠላዬን መለስኩ።

ሦስተኛው ያባቴ ስም ነበር።

ያባቴ፣ ያያቴ፣ የመንደሬ። «የሱ ልጅ ሙሉአለም ባትኖር በዚህ አቧራ መሃል ዘፈናችንን ማን ያቆይልን ነበር» ነው የሚለው። እኔን እያሞገሰች ነው! ለዚህ ነበር የጠየቀችኝ...

ዝም። ሁሉም ዝም። እኔው ዝም ያስባልኳቸው ሴቶች። በማኅበራችን ደንብ ደግሞ የተሞገሰ ሰው የራሱን ሙገሳ አይቀበልም፣ ሌላው ነው የሚቀበልለት። አፌን ልክፈት? ልዝጋ? ነጠላዬን ወደ ቀኝ ብመልሰው የሚያየኝ ጠፋ፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ጋሼ ከበሮውን አቆሙ። ኬሪያ ዞራ አየችን።

ደሃቦ ናት ያነሣችው። ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ አዝማቹን፣ በሶማሊኛ ቅላጼዋ ቃሉን እየሰባበረች። ባጥር ስትሰማው ኖራ! ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ ሴቶቹም ነቅተው ተቀበሉ። ዘፈኑ አለቀ።

ኬሪያ ግን ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

መስከረም 6
ጋሼ ሰበሰቡን። ኬሪያ ማኅበሩን ለቃለች። «ስልጤ በመሆኔ ነው ዝም ያሉኝ» ብላለች። በስልጤ በኩል ያሉት አባሎችም ተቀይመዋል፣ ለመስቀል አንመጣም ብለዋል።
«ማነው ዝም ያስባላችሁ?» አሉ ጋሼ።
መሠረት ጣራውን አየች። ሌሎቹም ጣራውን አዩ። እኔም አየሁ።

እኔ የፈለግሁት አንድ ሰው እንዲያፍር ነው። ማኅበሩ ይፍረስ መቼ አልኩ?

መስከረም 8
ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ወረፋ ያዝኩ። ተራዬ ደርሶ ስገባ መርፌ ትቀቅላለች።
«እትዬ ሙሉ... አሞሽ ነው?»
«ዝም ያስባልኳቸው እኔ ነኝ። ስልጤነትሽ አይደለም። ቀንቼብሽ ነው።»
ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።
«ቅናት ብቻ?»
«ብቻ አትበይ። እሳት ነው።»
«ወላሂ፣ እኔ እኮ ዘሬን የጠሉት መስሎኝ እህል አልበላ ብሎኝ ነበር። ቅናት ከሆነማ እዳው ገብስ ነው!» ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ላቅፋት ስጠጋ እጇን አነሣች።
«ይቅር አላልኩሽም። እሑድ ግን እመጣለሁ።»

ለጋሼም ነገርኳቸው። «ተቀባይ ነሽ። ከኋላ» አሉኝ።

መስከረም 17
መስቀል። ስልጤዎቹም ሳይቀሩ መጡ። ቆጮው በጭነት መኪና ከአዲስ አበባ ሲንገላታ መጥቶ ድርቅ ብሏል፣ ማንም አላማረረ። ደሃቦን ከፊት አስቀመጥናት።

ኬሪያ አወጣች። ሰውን ሁሉ በየተራ በያባቱ ስም አሞገሰች። ጋሼን፣ መሠረትን፣ ደሃቦን ሳይቀር። እኔ ጋ ስትደርስ... ዘለለችኝ። ሴቶቹ ዞረው አዩኝ። ፊቴ ነደደ።

ይገባኛል። ከኋላ ቆሜ የሁሉንም ተቀበልኩ። ቀናሁ? አዎ፣ ቀናሁ፣ ያውም ከበፊቱ የባሰ። እየቀናሁ ተቀበልኩ፣ ድምፄ እስኪዘጋ።

ሲያበቃ አጠገቤ መጣች። ፊቷ አልተፈታም።
«አፍሽን ክፈቺ።»
ከፈትኩ።
«ቀልቷል። ሰኞ ጤና ጣቢያ ነይ፣ ጉሮሮሽን ላክምሽ።»
ድምፅ የለኝም። ራሴን ነቀነቅኩ።

ሰኞ እሄዳለሁ።