ለባለ ስም ቀኑ ካፒቴን፣ ስለ ራዳሩ ጥቁር

ለክቡር ካፒቴን ኢሊያ ግራማቲኮቭ
የአየር መንገዳችን የበረራ ክፍል ኃላፊ
ሶፊያ

ክቡርነትዎ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ በተለይም ወገብዎ፣ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የአስተናጋጃችን የዝላቲና ወገብ እንደሚያውቁት በብሎን ተይዟል። እኔ እሷ በተጎዳችበት የቫርና በረራ ከጎንዎ የተቀመጥኩት ረዳት አብራሪ ካሊና ቶንቼቫ ነኝ። በፊርማዎ የወጣውን «ጉዳቱ የደረሰው አስተናጋጇ ቀበቶዋን ባለማሰሯ ነው» የሚል ሪፖርት በታላቅ አክብሮት አነበብኩት። በዚህች ዓረፍተ ነገር የተነሳ ዝላቲና ከሆስፒታል አልጋዋ ሳትነሳ ከሥራ ልትባረር ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ግድ ሆነብኝ።

አንደኛ፣ ስለ ራዳር ስላስተማሩን አዲስ ትምህርት። እኛ ተራዎቹ የምናውቀው ራዳሩ የሚልከው ሞገድ ዝናብ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ደመናውን በቀለም፣ ከባዱን ዝናብ በቀይ እንደሚያሳየን፣ ዝናቡ እጅግ ሲበረታ ግን ሞገዱን ስለሚውጠው ከቀዩ ጀርባ ያለው ሁሉ ጥቁር ሆኖ እንደሚታይ ነበር። ከግንብ ጀርባ የቆመ ሰው ስላልታየ የለም አይባልም። እርስዎ ግን ጥቁሩን «ጥርት ያለ ሰማይ» ብለው ሰየሙልን፤ ለዚህ ግኝትዎ ዕድሜ ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ ስለ ችኮላዎ። ዕለቱ የቅዱስ ኤልያስ በዓል፣ ኢሊያ ማለት ኤልያስ ነውና የእርስዎም የስም ቀን ነበር። በስም ቀን እንግዳ ሳይጠራ ስለሚመጣ ባለቤቱ እቤቱ መገኘት አለበት፤ ቫርና ላይ አውራ ዶሮው ተጠብሶ ይጠብቅዎት ነበርና ይህን እረዳለሁ። አያቶቻችን ግን በዚያን ቀን ኤልያስ በሰማይ ሰረገላውን እየነዳ መብረቅ ይጥላል ብለው ባሕር እንኳ አይገቡም። ያ ጥቁር የራዳሩ ጥላ ስለሆነ ዞረን እንለፈው ብዬ ሁለቴ ስለምንዎ፣ ፈገግ ብለው «ልጄ፣ በስሜ ቀን የኔ ቅዱስ እኔን አይመታም» አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ እርስዎን አልመታም።

ሦስተኛ፣ ስለ ቡናው። የቀበቶውን መብራት ያጠፉት እርስዎ፣ «ዝላትካ፣ እስቲ ቡና አምጪልኝ» ብለው ዝላቲናን ያዘዙትም እርስዎ ነዎት። ሲኒውን ይዛ በራችን ላይ እንደደረሰች ጥቁሩ ውስጥ ገባን፤ አውሮፕላኑ ቁልቁል ሲወርድ ጣሪያው መታት፣ ከዚያም ወለሉ። እንግዲህ ወንበሯ ላይ ታስራ ቡናዎን በምን ታምጣልዎ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ኤዲያ!

አራተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን ጽፌ ሰረዝኩት። በትሕትና የምለምንዎ ያቺን ዓረፍተ ነገር በራስዎ እጅ ሰርዘው እውነቱን እንዲጽፉ ብቻ ነው።

የሰማዩን ሰፊነት ለእርስዎ ትታ፣ ዳግመኛ ከጎንዎ ላለመቀመጥ የማለችው፣ አክባሪዎ
ካሊና ቶንቼቫ

ማስታወሻ፦ ለመጪው የስም ቀንዎ እኔና ዝላቲና እንደ ወጋችን ሳንጠራ እንመጣለን። ደረጃ መውጣት ስለማትችል፣ በእንግዶችዎ ፊት ወርደው ከበር ይቀበሏት። ቡናውን በዚያን ቀን የሚያመጡት እርስዎ ነዎት።