ሰፈሩን የዋጠው ረድፍ

ሐምሌ 3

ዛሬም ዝናብ። ቢሮ ስደርስ ጫማዬ ውኃ ቋጥሮ ነበር። ጠረጴዛ ሥር አውልቄ በካልሲ ዋልኩ። ማንም ያየኝ አልመሰለኝም።

ሥራዬ ፋይሉን ወደ ሲስተሙ ማስገባት ነው። መዝጋቢዎቹ ቤት ለቤት ዞረው ኤክሴል ላይ የሞሉትን... ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ መራመድ የማይችል ሰው አለ ወይ። ጋራው ከተሰነጠቀ ወዲህ ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ያለን ሁሉ እንነሣለን ተብሏል። መኪና የሚላከው ሲስተሙ ውስጥ ላለ ቤት ነው። መንገዱ ስለማያስተማምን ማንም በእግሩ እንዳይወጣ፣ ቤቱ ሆኖ ተራውን ይጠብቅ።

ሲስተሙ ግን ፋይሉን አልቀበልም አለ። ከላይ እስከ ታች ቀይ። ለካ ኤክሴል ከስልኮቹ ፊት ያለውን ዜሮ በልቶታል። ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ቀይሬ ዜሮዎቹን መለስኩ። ቀዩ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ኃላፊዋ በትከሻዬ በኩል አየችና፣ "ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት ያሉኝ ዋሽተውኛል" አለች። አንገቴን ደፋሁ።

ማታ ለአባዬ ነገርኩት። "ዜሮም ይፈለጋል ማለት ነው? እንግዲያው እኔም ተስፋ አለኝ" አለ። ከጣሪያ ወድቆ እግሮቹ እምቢ ካሉት ጀምሮ የሚቀልደው በራሱ ላይ ነው።

ሐምሌ 4

የቀረው ቀይ የቀን ነበር። አንዱ መዝጋቢ ቀን በሚጻፍበት ቦታ "ባለፈው ማክሰኞ" ብሎ ጽፏል። ብቻዬን ሳቅኩ።

ሐምሌ 5

ዛሬ ገባ። አረንጓዴ ሆኖ "ተጠናቋል" አለ። አንድም ስህተት የለም። ኃላፊዋ ለሁላችንም ሻይ አዘዘች።

ሰዉ ከሄደ በኋላ የኛን ቤት ፈለግሁ። እንዲሁ ለማየት ያህል... የአባዬን ስም ጻፍኩ። የለም። በቤት ቁጥር ፈለግሁ። የለም። ጎረቤታችንን ፀጉር አስተካካዩን ፈለግሁ። እሱም የለም። ፋይሉ ላይ ግን ሁላችንም አለን።

ስህተት የለም እያለ እኛ እንዴት የለንም?

ሐምሌ 6

ከኛ ቅያስ ሲስተሙ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ዘበኛው። ለሚያየው ሰው ሰፈሩ ውስጥ ከዘበኛው በቀር ነፍስ ያለ አይመስልም።

ፋይሉን በስም ቅደም ተከተል ደርድሬ ደግሜ አስገባሁ። "ተጠናቋል።" ከፈትኩት። አሁንም አንድ ሰው... ግን ዘበኛው አይደለም። ልብስ ሰፊዋ ናት። ዘበኛው የለም።

ነገ ደግሞ ማን ይሆን?

ወደ ቤት ስመለስ ዘበኛው በሩ ላይ ቆሟል። "ድመቷ፣ መኪናው መቼ ነው የሚመጣልን?" ኮቴዬ ስለማይሰማ ነው ድመቷ የሚለኝ። "በቅርቡ" አልኩት። ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

ሐምሌ 7

ገባኝ። ስደረድረው ከሰፈራችን መጨረሻ ላይ የዋለችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ፊት ደግሞ መጨረሻው ዘበኛው ነበር። የሚተርፈው የመጨረሻው ነው። ለምን? ረድፎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ስማቸው ሌላ፣ ቤታቸው ሌላ... ስልካቸው አንድ። የባለሱቋ ስልክ።

እኛ ሰፈር የሚፈልገን ሰው የሚደውለው እሷ ጋ ነው። ከሱቋ ደጃፍ ሆና ስማችንን ትጣራለች፣ ሮጠን እንሄዳለን። መዝጋቢው ስልክ ሲለን ሁላችንም የሷን ሰጠነው። ሌላ ምን እንስጥ? ሲስተሙ ደግሞ ስልኩ አንድ ከሆነ ቤቱም አንድ ነው ብሎ የኋለኛውን በፊተኛው ላይ ይጽፈዋል።

ጥያቄ አለኝ ብዬ ኃላፊዋን ለመንኳት፤ ሲስተሙን ከሠራው ባለሙያ ጋር በስልክ አገናኘችኝ።

"ስህተት ያሳይሻል እህቴ?"

"አያሳይም።"

"ካላሳየ ታዲያ ምን ሆንሽ?"

"ስልኩ... አንድ ዓይነት ስልክ..."

"እሱ ሁለቴ የተመዘገበ ሰው ነው። አያሳስብሽ፣ ሲስተሙ ራሱ ያጸዳዋል።"

ያጸዳዋል። "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ብዬ ዘጋሁት። ምኑን ነው ያመሰገንኩት?

ኃላፊዋ "ተስተካከለ?" አለች። አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

ሐምሌ 8

ዘዴ አገኘሁ። ለአባዬ ከራሴ የፈጠርኩትን ስልክ ቁጥር ሰጠሁት። ገባ። "መራመድ አይችልም" ከሚለው ጋር ስሙ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ደስ አለኝ... ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ለፀጉር አስተካካዩም ቁጥር ፈጠርኩለት፣ ለዘበኛውም፣ ለሁሉም ቤት የየራሱን። በሙሉ ገቡ። ማንንም ማናገር አላስፈለገኝም። ከሁሉም ይሄ ነው ያስደሰተኝ።

ከሰዓት ዝርዝሩ ለሾፌሮቹ ተላከ።

ሐምሌ 10

ሌሊት ጋራው አጉረመረመ። "ራቱን አልበላም መሰለኝ" አለ አባዬ። እጄን ግን እስኪነጋ አልለቀቀም።

ሐምሌ 11

መኪናው ጠዋት መጣ። ሾፌሩ ከዝርዝሩ እያነበበ በየበሩ አንኳኳ። አንድም ቤት አልዘለለም። አባዬን ከነፍራሹ ሲያወጡት "ቀስ በሉ እንጂ፣ ሙሽራ ነው የያዛችሁት" ይላቸዋል። ባለሱቋ በሯን ሦስቴ ቆልፋ ሦስቴ ሞከረችው።

ያረፍነው ትምህርት ቤት ነው፣ ኮረብታው ላይ። ዴስኮቹን ጥግ ቆልለን ክፍሉ ውስጥ ተኝተናል። ዝናቡ አላቋረጠም።

አመሻሽ ላይ ባለሱቋ መስኮቱ ጋ ቆማ፣ "የማዶዎቹ ምነው ቆዩ?" አለች።

"መኪና ሄዶላቸዋል እኮ" አለ ዘበኛው። "ሲመለስ አይቼዋለሁ።"

"ሄዶ ከሆነ ሰዎቹ የት አሉ?"

"አንድ ቤተሰብ ጭኖ ነበር። እነዚያ ጥግ ላይ ያሉት ናቸው።"

አንድ ቤተሰብ።

ለማዶ ሰዎች የሚደወለው ወፍጮ ቤቱ ጋ ነው። አውቃለሁ፣ ሁሌም እንደዚያ ነው። እኔ ግን ሲስተሙ ውስጥ የፈለግሁት የኛን ሰፈር ስሞች ብቻ...

መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ከወንዙ ወዲያ ቤቶቹ በመደዳ ይታያሉ። የጨለመው አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ መብራት አብርተው ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

ኃላፊዋ እዚያው ትምህርት ቤቱ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ከሾፌሮቹ ጋር ስብሰባ ላይ ነበረች። ሳላንኳኳ ገባሁ። "ማዶ ሰው አለ። በሙሉ እዚያው ናቸው። ሲስተሙ አንድ ቤት አድርጓቸዋል፣ እኔ ሳውቅ አልተናገርኩም።" ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ኃላፊዋ "ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?" አለች። ነገርኳት። መልሴን ሳልጨርስ ሾፌሮቹ ወጥተው ነበር።

አሁን መስኮቱ ጋ ቁጭ ብያለሁ። የመኪናዎቹ መብራት ቁልቁል ሲወርድ ቆይቶ ከመታጠፊያው በኋላ ተሰወረ። ደርሰው ይሁን አይሁን ከዚህ አይታይም።

ማዶ የሁለተኛው ቤት መብራት ጠፋ። ከዚያ የሦስተኛው። ቀጥሎ ደግሞ የሁለት ቤቶች አንድ ላይ...

ሰው ቤቱን ለቆ ሲወጣ መብራቱን ያጠፋል። አይደል?