ከፎቅ የወረደው የሥራ አውደ ርዕይ

ውድ ፍሬ፣

ሰላም ነሽ? ይህን ፖስትካርድ የምጽፍልሽ ጎንደር፣ ማራኪ ክፍለ ከተማ፣ ከሽልማቱ አዳራሽ በር ላይ ቆሜ ነው። የፈጠራና የአካታችነት ሽልማቱን ያገኘችው ዳግማዊት ናት፤ እንደኛው በአንድ ኮሌጅ ለተመራቂዎች ሥራ የምታፈላልግ ልጅ። አሠሪዎች ተማሪዎችን የሚያነጋግሩበት አውደ ርዕይ ድሮ ፎቅ ላይ ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ሙሉቀን በማዕረግ ተመርቆ መጣና ደረጃው ሥር ቀረ። ጓደኞቹ እንሸከምህ ቢሉት፣ «በሰው ሸክም ገብቼ ማን ይቀጥረኛል?» ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዳግማዊት ይህን ስትሰማ አሠሪዎቹን ከነጠረጴዛቸው ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አወረደቻቸው። እሱንም ቤቱ ድረስ ሄዳ አመጣችው። አንድ ባንክ ቀጠረው።

ዛሬ መድረክ ላይ ስለ ፈጠራዋ ስትጠየቅ፣ «ምኑን ፈጠርሁት? ጠረጴዛ ነው ያወረድሁ» አለች። አዳራሹ ሳቀ። የሙሉቀን እናት ግን አልሳቁም። ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ትምህርት ቤት ያደረስሁት በጀርባዬ አዝዬ ነው። በራሱ ገብቶ ሲቀጠር ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ» ብለው አቀፏት። ዕንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ከወለቃ ሸጋ የሸክላ ድስት ገዝቼላቸዋለሁ። የኛ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነውና አለቃችንን ነገ አናግሪው። እኔ እስክመለስ አትጠብቂ።

ቃልኪዳን