ስለ ዶክተር ነቢዩ ለገሰ ዕረፍትና ስለ ነጩ ዱቄት

የቦንጋ ንጹህ ነዳጅ ተመራማሪዎች ማኅበር መሥራቹና ሰብሳቢው የነበሩት ዶክተር ነቢዩ ለገሰ ባደረባቸው ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት በመለየታቸው የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል። መግለጫው ከአርባቸው በኋላ የወጣው ማኅበሩ ሐዘኑን ዘንግቶ ሳይሆን ከዚህ በታች በተመለከተው ጉዳይ ተጠምዶ ነው።

ዶክተር ነቢዩ በ2009 ዓ.ም. ተመድበው ወደ ቦንጋ ሲመጡ ውሃን በፀሐይ ብርሃን ከፍሎ ሃይድሮጂን ነዳጅ የሚያወጣ ካታሊስት መሥራት ጀመሩ። ዝናቡን ያዩ ባልደረቦች ወደ ሰመራ እንዲዛወሩ ቢመክሯቸው፣ «ውሃው እዚህ ነው፤ ፀሐይዋ ሲመቻት ትምጣ» ሲሉ መልሰዋል።

በ2013 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ለመጡ እንግዶች ሙከራቸውን አቀረቡ። ዘነበ። እንግዶቹ ማር ገዝተው ተመለሱ።

በ2017 ዓ.ም. ታይታኒየም ኦክሳይድንና ዚንክ ኦክሳይድን በናኖ መጠን ያዋሃደ ነጭ የካታሊስት ዱቄት አዘጋጅተው፣ «ይሄኛው አያሳፍረንም» በማለት በጆንያ አድርገው ቤታቸው አስቀመጡ። አቀማመሙን ግን እስኪረጋገጥ ብለው ለማንም አልነገሩም። ማኅበሩ ይህን ጥንቃቄ ሲያደንቅ ኖሮ አሁን ግን በጥቂቱ ቅር ተሰኝቶባቸዋል።

እንደሚታወቀው ሐዘንተኛን በጥያቄ ማድከም ነውር ነው። ስለሆነም ለአርባው መቃብሩን ያሳመሩት የዕድር አባላት የዶክተሩን ባለቤት ወይዘሮ አበዛሽን ሳያስቸግሩ ጓዳ ገብተው፣ ያገኙትን ዱቄት ኖራ ነው ብለው በጥብጠው መቃብሩን ከራስጌ እስከ ግርጌ ቀቡት። የዕድሩ ዳኛ አቶ ኢሳያስ ሲጠየቁ፣ «እንዴት ያለ ኖራ ነው! መድገም እንኳ አላስፈለገን» ብለዋል። የተረፈ ዱቄት የለም።

ማኅበሩ ቀለሙን ፍቆ የሚያመጣ ኮሚቴ መቃብሩ ወዳለበት ቤተ ክርስቲያን በላከ ዕለት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣች። መቃብሩ ላይ ያቆረው ውሃም አረፋ ይደፍቅ ጀመር። አረፋው ሃይድሮጂን ይሁን የሲሚንቶ አየር ገና አልተመረመረም። ኮሚቴው ግን አልቅሷል።

ወይዘሮ አበዛሽ ለመፋቁ ፈቃድ ሲጠየቁ፣ «ዕድሜውን ሙሉ ፀሐይ ሲጠብቅ ኖሮ፣ አሁን ብትወጣለት ልትፍቁበት ነው? ሥራ ላይ ነው፤ ተዉት» ብለዋል። ማኅበሩም ትቶታል።

ለወይዘሮ አበዛሽ፣ ለልጆቻቸውና ለባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። በዶክተር ነቢዩ መቃብር ላይ ጧፍ ማብራት የምትፈልጉ ወዳጆቻቸው ግን፣ የምርመራው ውጤት እስኪታወቅ ድረስ ፈቀቅ ብላችሁ እንድታበሩ በትህትና እናሳስባለን።