ከግራዝማች ጀርባ ያለው ድንጋይ

ተሰማዬ፣

ከተለየኸኝ አስራ አንድ ወር ሞላ። ጣራው ማፍሰሱን ትቷል፣ ኮባው አድጓል፣ እኔም ደህና ነኝ። በእግሬ ያቆመኝ ግን ቂም ነው። ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ።

ጎረቤታችን ግራዝማች አጥሩን ወደኛ ገፍቶ፣ ሁለታችን በኖራ መስቀል የቀባነውን የድንበር ድንጋይ ግቢው ውስጥ አስቀርቶ፣ ድንጋይ የሚባል ኖሮ አያውቅም ብሎ ሽማግሌ ፊት መስቀል ጨብጦ ማለ። ድንጋዩ ላይ ጭድ ከምሮበት ነበር። ሽማግሌዎቹ መሐላውን አምነው ጭዱን ሳያስገልጡ አንተን ውሸታም አሉህ። ያንን ስም ይዘህ በሦስተኛው ወር ተቀበርክ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያልክ ሞትክ፤ እኔ ግን እጄን አጣጥፌ የማድር ሴት አይደለሁም።

ካሜራህን አነሳሁ። ታበላሺብኛለሽ እያልክ አታስነካኝም ነበር፤ አሁን ማን ይከልክለኝ። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ነጭ ሆነው ወጡ፣ በጠራራ ፀሐይ የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ በሰፊው ከፍቼ። ቀጥሎ ያነሳኋቸው ደግሞ ጠቆሩ። ፒያሳ ያለው ፎቶ አጣቢ ሳቀብኝ። ኋላ ደብተርህን አገኘሁ፦ ሌንሱ ላይ ያለው ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ፊት ብቻ ጠርቶ ኋላው ይደበዝዛል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል፣ ከቅርብ እስከ ሩቅ ሁሉም ይጠራል። አንተ የምትወደው መደብዘዙን ነበር። እኔን ስታነሳኝ ከኋላዬ የተሰጣውን ልብስ ጉም አስመስለህልኝ የለ።

በጥር ግራዝማች ልጁን ሊድር ፎቶ አንሺኝ ብሎ አስጠራኝ። ሰፈራችን ውስጥ ሌላ ካሜራ የለም፣ እሱ ደግሞ እፍረት አያውቅም። ካባውን ደርቦ ግቢው መሀል ቆመ። ከብቶቹ ጭዱን በልተው ጨርሰውት፣ ድንጋዩ ከነመስቀሉ ከኋላው ይታያል። ግድም አልሰጠው። ድሮ አንተ ባነሳኸው ፎቶ ላይ ከፊቱ በቀር የሚታይ ነገር ስላልነበረ፣ ካሜራ ሰው እንጂ ሌላ የማያይ መስሎታል። ቁጥሩን አስራ ስድስት ላይ አደረግኩ። ቀዳዳው ሲጠብ ብርሃን ስለሚያንስ የመዝጊያውን ፍጥነት ቀነስኩና፣ እንዳይንቀሳቀስብኝ ትንፋሽዎን ይያዙ አልኩት። ታዘዘኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግርህም።

በትልቁ አሳጥቤ ሰጠሁት፤ በመስታወት አድርጎ ሳሎኑ ሰቀለው። የመልሱ ቀን እነዚያው ሽማግሌዎች ተጠርተው መጡ። ትልቁ ሽማግሌ መነጽሩን አድርጎ ፎቶውን ሲያደንቅ ቆየና ጣቱን ከግራዝማች ጀርባ ባለው የኖራ መስቀል ላይ አሳረፈ። ጠጁን አስቀምጦ ግቢ ወረደ፣ ድንጋዩን በእጁ ዳሰሰው። የቀሩትም ተከተሉት። እኔ ካሜራዬን አንግቤ በር ላይ ቆሜ የግራዝማችን ፊት ሳይ ነበር።

አጥሩ ወደ ቦታው ተመልሷል። ሽማግሌዎቹም መቃብርህ ድረስ ሄደው ይቅር በለን ብለውሃል። አንተ ይቅር በላቸው፤ እኔ አልቻልኩም። ግራዝማች ፊልሙን ስጪኝ ላቃጥለው እያለ አማላጅ ይልክብኛል። አልሰጠውም። በየዓመቱ ተዝካርህ ሲደርስ አንድ እያሳጠብኩ በበሩ ስር አስገባለታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ያንገበግበኛል። አንተ ሁልጊዜ ከካሜራው ኋላ ስለነበርክ አንድም ፎቶ የለህም። በእጄ ጠርቶ የወጣው የዚያ ሰው ፊት ነው። ያንተን በዓይኔ ይዤዋለሁ፤ አጠገብህ እስክቀበር ድረስ እንዲደበዝዝ አልፈቅድለትም።

ባለቤትህ አስካለ