ስምሽ የተጻፈበት ሳህን

ሚዙሪ፣ ከጋስኮኔድ ወንዝ ማዶ
ኦክቶበር 14 ቀን 1838

ለምወድሽ እናቴ፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ለአያቴ ጮክ ብለሽ አታንብቢላት። መጀመሪያ ለብቻሽ ጨርሺው። እኔም አባባም በሕይወት አለን፤ ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት እንዳትደነግጪ ነው። እኔ ግን እስካሁን ከድንጋጤዬ አልወጣሁም። ብዕሩን ካነሳሁ ቆየሁ፤ ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኛል።

አባባ «በጸደይ አትምጪ ብለሽ ጻፊላት» ብሎኛል። ምክንያቱን ጻፊ ግን አላለኝም። አያቴ እንደተሻላት ትንሿን እህቴን ይዘሽ ትመጪያለሽ ብለን ይህን ሁሉ ጊዜ ስንጠብቅ ኖረን፣ ለምን እንደሆነ ሳልነግርሽ እንዴት አትምጪ እልሻለሁ? ስለዚህ የሆነውን ሁሉ እጽፍልሻለሁ። ከዚያ አንቺው ታውቂያለሽ።

እትዬ ጌርትሩድ ሞታለች።

ጎረቤታችን ናት፤ ባለፈው ደብዳቤዬ የጻፍኩልሽ። ስንመጣ ጣሪያ ስላልነበረን ቤታቸው ያሳደሩን እሷና ባሏ ጋሽ ሄርማን ናቸው። እነሱም የኛ አገር ሰዎች ናቸው፤ ከኛ ቀድመው ስለመጡ ጋሽ ሄርማን የዚህን አገር ሰዎች ቋንቋ ያውቃሉ። እኔ እንደምታውቂኝ ሰው ፊት አፌ ይታሰራል። እሷ ግን አትተወኝም ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን መርከብ ላይ ረስተሽው ነው እንዴ የመጣሽው?» ትለኝና ዝም ካልኩ ራሷ በኔ ድምፅ ትመልሳለች። «አይ እትዬ፣ ሻንጣ ውስጥ ነው፤ እሁድ እሁድ አወጣዋለሁ» ትላለች። ከዚያ እስቃለሁ፤ ከሳቅኩ በኋላ ማውራት ይቀለኛል። ያለ እሷ እዚህ አገር ከማንም ጋር የማወራ አይመስለኝም ነበር።

ስለ ላማችን ስለ ብሌሴም ልንገርሽ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው። አባባ የገዛት በጸደይ ነው። ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። የገዛት ቀን ወዴት እንደወሰዳት ታውቂያለሽ? ቀጥታ ወደ ጫካ። እዚያ አገራችን ላማችን የልዑሉ ጫካ ገብታ ስትያዝ፣ ደን ጠባቂው አባባን በመንደሩ መካከል እየነዳ ወስዶ ከሌባ ጋር እንዳሰረው አንቺም ታስታውሻለሽ። እዚህ ጫካው የማንም አይደለም። አባባ ብሌሴን ዛፎቹ መካከል ለቅቆ እጁን አጣምሮ ቆሞ ሲያያት ዋለ። «ኢልሳባይን፣ አየሽ? ማንም አልመጣም» አለኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

በጋው ሊያልቅ ሲል አዛውንቱ ፔትግሩ መጡ። ከወንዙ ወዲህ ከሁሉም ቀድመው የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ጋሽ ሄርማን እኛ ዘንድ አጥር በማጠር እያገዙን ስለነበር የሚሉትን ተረጎሙልን።

«ዮብስት፣ ላምህን ከጫካ አውጣት ይሉሃል። በዚህ ወቅት ጥላ ውስጥ የምትግጥ ላም ወተቷ ሰው ይገድላል አሉ።»

አባባ መዶሻውን አስቀመጠ። «ገባኝ። እዚህም ደን ጠባቂ አለ ማለት ነው።»

«ቆቡ ብቻ ነው የቀራቸው» አሉ ጋሽ ሄርማን።

«ሣሩን ለአሳማዎቻቸው ፈልገውት ነው። ላሜን ጫካ ለማስገባት ብዬ ባሕር ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ እስቲ ይህን ንገርልኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሽማግሌው ምን እንዳሳቃቸው ስላልገባቸው ወደኔ ዞሩ። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እያንቀጠቀጡ አሳዩኝ። ጭፈራ መስሎኝ አቀርቅሬ ፈገግ አልኩ። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

እትዬ ጌርትሩድ የወለደችው በሴፕቴምበር ነው፤ ሴት ልጅ። አንቺ ጋሪው ሊነሳ ሲል ያልሽኝን አልረሳሁም። «ከእንግዲህ የቤቱ ሴት አንቺ ነሽ። ጎረቤት ስትወልድ የመጀመሪያው ሾርባ ከኛ ቤት ይሂድ» ብለሽኝ ነበር። ያን የሠርግሽን ሳህን፣ ስምሽ በጠርዙ የተጻፈበትን፣ በጭድ ጠቅልለሽ ሣጥኑ ውስጥ የከተትሽውም ለዚሁ ነበር። አወጣሁት። የወተቱን ሾርባ አንቺ እንደምትሠሪው ሠራሁ፤ ወተት፣ እንቁላል፣ የነጭ ዳቦ ፍርፋሪ፣ ትንሽ ማር። በፎጣ ሸፍኜ ወሰድኩላት።

አልጋዋ ላይ ሆና ገና ሳታየኝ ሸተታት። «የእናቴ ቤት ገባሁ እንዴ?» አለች። ሁሉንም ጠጥታ ሳህኑን በጣቷ ጠረገችው። «አንቺ አፍሽ ባያወራ እጅሽ ያወራል» አለችኝ። ይህንን ስትለኝ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም።

አባባም ኮራ። «አራስ እስክትነሳ ድረስ የብሌሴ ወተት የእሷ ነው» አለ። የብሌሴ ጥጃ ጥቂት ትጠባለች፤ ቀሪው ለእትዬ ጌርትሩድ። እኛ ዳቦና የአሳማ ሥጋ እንበላ ነበር። እኔ ከጭልፋው ብቻ እቀምሳለሁ፤ አባባ ደግሞ አንዳንድ ቀን ዳቦው ላይ ቅቤ ይቀባል። በየጠዋቱ ሾርባውን እወስዳለሁ፤ ሳህኑ ሲመለስ እንደ አገራችን ወግ ባዶውን አይመለስም፤ አንዴ እንቁላል፣ አንዴ ጨው ታደርግበት ነበር።

ከዚያ ጡቷ ወተት እምቢ አለ። የፔትግሩ ምራት የምታጠባ ስለሆነች ሕፃኗን ወስዳ ታጠባላት ጀመር። እኔ ደግሞ ሾርባው የአራስ ወተት ያመጣል ሲባል ስለሰማሁ የበለጠ አበዛሁላት። እማዬ፣ አበዛሁላት።

እግሮቼ ደከሙ አለች። ከአልጋ ስትወርድ ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ። ያስመልሳት ጀመር፤ ትንፋሿም እንደ በሰበሰ ፍሬ ሸተተ። የአራስ ሕመም ነው አልን። ጋሽ ሄርማን «ትንሽ ሾርባ ብቻ ይቆይላታል፤ አምጪላት» ስላሉኝ አመጣሁላት። በማንኪያ አጠጣኋት። በመጨረሻው ቀን ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ የምትቀልድ መስሎኝ ጠበቅኩ።  ከሰዓት በኋላ ሞተች።

የቀበርናት ቀን ሰዎች እኛ ግቢ በኩል ሲመለሱ የብሌሴ ጥጃ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እየተንቀጠቀጠች ነበር። አራት እግሯን አንፈራጥጣ ለመቆም ትሞክራለች፤ ጉልበቷ ይታጠፋል። አዛውንቱ ፔትግሩ ቆም አሉ። ጥጃዋን አዩ፤ ከዚያ ብሌሴን አዩ፤ እሷ ምንም አልሆነችም፤ ቆማ ታመነዥካለች። ከዚያ ጥያቄ ጠየቁ። ጋሽ ሄርማን መለሱላቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁና ቀስ ብለው፣ ረጅም ነገር ተናገሩ።

ጋሽ ሄርማን ወደኛ ዞሩ። ሌላ የሚተረጉም ሰው አልነበረም።

«ወተቱ ነው ይላሉ» አሉ። «በሽታው መንቀጥቀጥ ይባላል። ላሟ ስትታለብ መርዙ በወተቷ ስለሚወጣ እሷ አትታመምም። አንዳንዱ ጤዛው ነው ይላል፣ አንዳንዱ ጥላ ውስጥ ያለ ቅጠል ነው ይላል፤ እሳቸው አያውቁም። የሚያውቁት ጫካ የዋለች ላም እንደምትገድል ነው። የመጀመሪያ ሚስታቸውን የገደላት እሱ ነው። ለዚህ ነው በዚያን ቀን ሊነግሩን የመጡት ይላሉ።»

አንድም ቃል አላስቀሩም። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም ነበር፤ ሌላ ሰው የሌላ ሰው ነገር የሚያነብ ይመስል ነበር። ሲጨርሱ አባባን አዩት።  ጋሽ ሄርማን ቤታቸው ሄዱ። እኔ እጆቼን አየኋቸው። እስካሁንም አንዳንዴ ሥራ ፈትቼ ሳያቸው እገኛለሁ።

ጥጃዋ በማግስቱ ሞተች። አባባ ብሌሴን ከጫካ አውጥቶ ቤቱ ጥግ አሰራት፤ በቆሎ አገዳ ያበላታል። በየቀኑ አልባታለሁ፤ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ እደፋዋለሁ። ወተት መሬት ላይ ሲፈስ አይተሽ ታውቂያለሽ? እዚያ አገር አንድ ጠብታ ስናፈስ አያቴ ምን ትለን ነበር? እዚህ ሙሉ ባልዲ ነው የምደፋው። ነጭ ሆኖ ይቆይና መሬቱ ቀስ ብሎ ይጠጣዋል።

እኔም ትንሽ ታምሜ ነበር፤ አሁን ድኛለሁ። ዳገት ስወጣ ብቻ ጉልበቴ ይከዳኛል። አባባም እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከበሽታው ይሁን ከሌላ አላውቅም። አንድ ቀን እያጨደ ሳለ ሳልጠይቀው «እዚያ ደን ጠባቂው ሲያስረኝ ቢያንስ ማንንም አልገደልኩም» አለ። «ከዚህ እንሄዳለን። ለእናትሽ አትምጪ ብለሽ ጻፊላት። ሚስቱን ገድለንበት የኔን ሚስት ዓይኑ ፊት አምጥቼ አላስቀምጥም።» ከዚያ በኋላ ማጭዱን ብቻ ነው የሰማሁት።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተቀመጥኩት ትናንት ነበር። ገና «ለምወድሽ እናቴ» እንዳልኩ ጋሽ ሄርማን በር ላይ ቆመው አየኋቸው። በሁለት እጃቸው በፎጣ የተሸፈነ ነገር ይዘዋል። ፎጣው የኛ ነው። ተነሳሁ።

«ሕፃኗ ደህና ናት» አሉኝ። «የፔትግሩ ምራት ትጮኻለች ብላ አማረረች። እናቷን መስላለች ማለት ነው።»

ወንበር ሳብኩላቸው፤ እሳቸው ግን ቆመው ጠየቁኝ።

«ሾርባውን ማን ነው ያስተማረሽ?»

«ማንም» አልኳቸው። «ራሴ ነኝ ያሰብኩት። ማንም አላስተማረኝም።»

ፎጣውን ከጠርዙ ገለጥ አደረጉት፤ ሳህኑ ነው። በመጨረሻው ቀን ወስጄው ሳይመለስ የቀረው። አውራ ጣታቸውን በጠርዙ ላይ አዞሩት፤ ከስምሽ የመጀመሪያ ፊደል ጀምረው እስከ ጋብቻችሁ ዓመት ድረስ። ጋሽ ሄርማን ማንበብ ይችላሉ። ዙሩን ጨርሰው ወደኔ አዩ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ጥሩ ሾርባ ነበር» አሉ። «በጣም ትወደው ነበር።»

አባባ ከጓሮ መጥቶ ሲያያቸው ባለበት ቀረ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሄርማን፣ እንሄዳለን» አለ። «መሬቱን ሰው እንዳገኘሁለት እንሄዳለን። ካሁን በኋላ አታየኝም።»

«ዮብስት፣ በዚያን ቀን የተረጎምኩት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ሄርማን። «ሰምቼዋለሁ። በሁለት ቋንቋ ነው የሰማሁት። ካንተ እኩል ስቄያለሁ።» ወደ አባባ አንድ እርምጃ ቀረቡ። «የት ልትሄድ ነው? እኔስ ከማን ጋር ነው የምቀመጠው? ከፔትግሩ አሳማዎች ጋር?»

አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀሳቀስ አየሁት። አባባ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ ያመመው መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ሄርማን ሳህኑን እጄ ላይ አስቀመጡት። ከባድ ነበር፤ ለዘር ያስቀመጡት ስንዴ እስከ ጠርዙ ሞልቶታል። «ዕቃው ባለቤቷ እስክትመጣ ቤቱ ይቆይ» ብለውኝ ወጡ።

እማዬ፣ የሆነው ይህ ነው። ምን እንደሚሰማኝ አትጠይቂኝ፤ ገና አላወቅኩትም። ጠዋት ስነሳ ሾርባውን ልሠራ ብድግ እላለሁ፤ ከዚያ ትዝ ይለኛል። አንቺ ግን እዚያ ሆነሽ ሾርባውን ያስተማርኳት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የኔ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። ለጋሽ ሄርማን የነገርኳቸውን አንቺም ያዢልኝ።

ዛሬ ጠዋት አባባ «ደብዳቤውን ጨረስሽ?» አለኝ። «ያዘዝከኝን ልጻፍላት ወይ?» አልኩት። እኔ እንዲህ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ቆመና አየኝ። ከረጢቱን በትከሻው አድርጎ ወደ ማሳው ወጣ። እዚህ ከተቀመጥኩበት በበሩ በኩል ይታየኛል። የሚዘራው የጋሽ ሄርማንን ስንዴ ነው።

እግዚአብሔር አንቺንም አያቴንም ትንሿንም በክረምቱ ብርድ ይሸፍናችሁ፤ መንገድ ብትወጪም ባሕሩን ጸጥ ያድርግልሽ። ሳህኑን አጥቤ መደርደሪያው ላይ አድርጌዋለሁ። ስምሽ ያለበትን ወገን ወደ በሩ አዙሬዋለሁ።

ልጅሽ፣
ኢልሳባይን