የወጥ ቤቱ ቀን መቁጠሪያ

ውድ አባዬ፣

ሁለት ዓመት ሙሉ አፌን ዘግቼ ዛሬ ዝም ማለት አቃተኝ። የላክኸው ካርቶን ደርሶኛል። አንድ መስመር እንኳን ሳትጽፍበት፤ የአንተ ነገር መቼም! የሃያ ስድስት ዓመት የግጦሽ መዝገብ፣ ከሥሩ ደግሞ ከወጥ ቤታችን ግድግዳ የወረዱት፣ የየዕለቱን ውሎ የጫርክባቸው የሃያ ስድስት ዓመት ቀን መቁጠሪያዎች። አንዳንዱ ላይ የእማዬ ማርማላታ ጠብታ እስካሁን አለ።

ያን የዛሬ ሁለት ዓመቱን የገና ምሳ መቼም አትረሳውም። አንተ "የእንስሳት ሕግ ተምረሽ ለላሞቼ ጠበቃ ልትቆሚላቸው ነው?" ብለህ ስትስቅ፣ እኔ ተናድጄ "እናንተ ገበሬዎች ለተቆጣጣሪ የምትሞሉትን መዝገብ ማን ያምናል?" አልኩህ። ማንኪያህን አስቀምጠህ ወደ በረት ሄድክ። ይቅርታ አልጠየቅኩህም፤ ልክ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ጥናቴ ሊሞት ምንም አልቀረው ነበር። አራት መቶ የፍርድ ቤት ውሳኔ በኮምፒውተር አስለቅሜ ብቆጥር፣ ሕጉ እንደሚያዘው ላሞቹን በበጋ በየቀኑ ሜዳ አላወጣም ተብሎ የተከሰሰ ገበሬ በጣት የሚቆጠር ሆነ። "ሕጉ ተከብሯል" ብዬ ልጽፍ ስል ፕሮፌሰሬ ጉንቮር፣ "ፍርድ ቤት የሚደርሰው የተያዘው ብቻ ነው። ያልተያዘውንስ በምን ታውቂያለሽ? የእኛ ሙያ ሰው አሁን ከመጽሐፍ መደርደሪያው ርቆ በረት እየገባ ነው፤ አንቺም ሂጂ" አለችኝ። ሄድኩ። መቼ? አምና፣ ላሞቹ ከበረዶው ክረምት የበረት እስር በሚወጡበት ሳምንት። የገበሬ ልጅ ሆኜ፣ አገሬው ልጆቹን ይዞ የላሞቹን የደስታ ዝላይ ሊያይ አጥር ላይ በተደረደረበት ቀን መጠይቅ ይዤ ዞርኩ። ጎረቤታችን ሆልገር እንኳ "ቲራ፣ ወይ በሩን ያዢ፣ ወይ ዞር በይ" ብሎ አባረረኝ።

ከዚያ ካርቶንህ መጣ። መዝገቡንና ቀን መቁጠሪያውን ጎን ለጎን ዘርግቼ ቀን በቀን አመሳከርኩ። መዝገቡ ለተቆጣጣሪ የተጻፈ ነው፤ ቀን መቁጠሪያው ግን ለማንም ስላልተጻፈ የሚዋሽበት ምክንያት የለውም። ሃያ አምስቱ በጋ ልክክ አለ። እማዬ ከእኛ የተለየችበት ዓመት በጋ ግን መዝገቡ "በየቀኑ ወጥተዋል" ይላል፤ ቀን መቁጠሪያው "ሆስፒታል። ላሞቹ አልወጡም።" ሰባት ሳምንት እንዲሁ ነው። ጉንቮር ስታየው ከወንበሯ ተነሳች። "በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ማስረጃ አላየሁም። ከየት አመጣሽው?" "ከአባቴ ወጥ ቤት" አልኳት።

ግን ያ በጋ ከወጣ፣ ስምህን ብደብቀውም የሰበካችን ሰው ማን እንደሆነ ያውቃል። ከተውኩት ደግሞ ጥናቴ ባዶ ነው። ሦስት ቀን ተብሰልስዬ ልተወው ቆረጥኩ። ዛሬ ጠዋት ታዲያ ሆልገር ደወለ።

"የኔም ቀን መቁጠሪያ እንጨት ቤት ተከምሯል፤ ነይና ውሰጂው።"

"ምን ተገኘ ዛሬ?" አልኩት።

"አባትሽ አልቫር የወተት ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነስቶ 'እኔ አንድ በጋ ዋሽቻለሁ፣ ልጄ ትጻፈው፤ እናንተም እውነቱን ስጧት' ብሎን የለ እንዴ? ከዚያ ወዲያ ማን ይደብቃል?"

አባዬ፣ አንተ? ስብሰባ ላይ ሳል እንኳ የማይሰማብህ ሰውዬ? ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ፣ ሳቅኩም። አሁን የስድስት ገበሬ ቀን መቁጠሪያ ይጠብቀኛል፤ ደስታዬን የት እንደማደርገው አላውቅም።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ያን በጋ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። መኪናህ ወደ ሆስፒታል ሲወጣ ጠብቄ ላማችንን ማይሮስን፣ እሷን ብቻ፣ ፈትቼ ሜዳ አወጣት፣ አንተ ሳትመለስም መልሼ አስራት ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ትናንት ግን ቀን መቁጠሪያውን ደግሜ ሳገላብጥ በደቃቁ የተጻፈች አንዲት የማክሰኞ ካሬ አነበብኩ፦ "ማይሮስ እግር ላይ እርጥብ ሣር። ልጅቱ ናት። ዝም አልኳት። ከነገ ጀምሮ ገመዱን አላልቼ ማሰር።"

ያ ቋጠሮ ለምን እንደዚያ ይቀለኝ እንደነበር አሁን ገባኝ።

ለዘንድሮው የላሞቹ መውጫ እመጣለሁ። መጠይቅ አልይዝም፤ በሩን እይዛለሁ።

ይቅርታህን የምትለምን ልጅህ፣
ቲራ